በአቤቱታና በጠመንጃ መካከል

እንጅባራን ሽማግሌዎቻችን አሁንም ኮሶበር ይሏታል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ «እንጅባራ ደረስን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አጠገቡ የተቀመጡት እናት «ኮሶበር ነው? ገና ነው ልጄ፣ ተኛ» ይሉታል፤ እንግዳውም ሁለት ከተማ ያለ መስሎት ግራ ይጋባል። ስሙ ሁለት ነው፤ ዝናቡና ጭቃው ግን አንድ ነው። መታወቂያ የሚያወጣ «እንጅባራ» ይጻፍለታል፤ ድንች ጭኖ የሚመጣ ኮሶበር ይሸጣል፣ ኮሶበር ይገዛል። በዚህ የተጣላ ሰው አላየንም።

ሌላ ስም ሲለወጥ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ወላጆቻችን በወጣትነታቸው በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የተቋቋመ ኢሠፓአኮ የሚባል ነገር ያውቁ ነበር። እሱ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ሆነ። ኢሠፓ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ኢሕዴን መጣ። ኢሕዴን በ1986 ዓ.ም. ብአዴን ተባለ፤ ብአዴን በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዴፓ ሆነ፤ አዴፓም ብዙ ሳይቆይ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብልጽግና ውስጥ ገባ። አንድ የዳንግላ ሰው በአርባ ዓመት ውስጥ ስድስት የገዢ ፓርቲ ስም ሰምቷል ማለት ነው። ታዲያ ከስድስቱ መካከል የድምፅ መስጫ ሣጥን ፊት ቆሞ አንዱን አውርዶ ሌላውን ያወጣበት ጊዜ ስንት ነው? አንድም የለም። አንድ ጊዜ የለወጠው ጦርነት ነው፤ ሌላውን ጊዜ የለወጡት ራሳቸው ስብሰባ ተቀምጠው ነው።

እኛ ይህን ነገር ማሰብ የጀመርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከእኛ በፊት የተመረቁ ታላላቆቻችን ለእረፍት ሲመጡ ስለ አንድ ፎርም ያወሩ ነበር። የአባልነት ፎርም ነው። «ሞላህ?» «አልሞላሁም።» «ታዲያ ሥራ እንዴት ልታገኝ ነው?» ይባባሉ ነበር። አንዱ ሞልቶ አንድ መ/ቤት ገባ፤ ሌላው ሳይሞላ ቀረና ሁለት ዓመት ከቤተሰቡ ጋር ድንች ኮተኮተ። ሥራ ያጣው በፎርሙ ይሁን በዕድሉ ማን ያውቃል? ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ «በፎርሙ ነው» ብሎ አመነ። ከእውነቱ ይልቅ እምነቱ ይበልጥ ያሠራል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ልጅ ሁሉ ፎርሙን የሚያየው እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ እንጀራ ሆነ።

እናቶቻችን ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት አላቸው፤ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ይላሉ። ያዩትን ስላዩ ነው የሚሉት፤ አንፈርድባቸውም። ዳሩ ግን ኮረንቲ ቤት ገብቶ ከተዘረጋ በኋላ በሩቁ ማለት ምን ማለት ነው? ማብሪያና ማጥፊያው የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በቤቱ ከሌለ፣ ያን ጊዜ ነው የሚነዝረው። ዶርም ውስጥ ማታ ማታ የምንከራከረውም በዚሁ ነው። አንዳችን «ሞልተህ ሥራህን ያዝና ዝም በል» ይላል፤ ሌላችን «እምቢ በል» ይላል፤ ሦስተኛችን «ቆይ፣ ለመሆኑ ፓርቲ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች ጽሑፍ ለዚያ ለሦስተኛው ጥያቄ ነች።

ተረቱ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል። ስለ መንግሥት ለውጥ ሲነሳ ይህን የማይል ሰው በዞናችን የለም። እኛ ግን ከተረቱ ጋር ጥቂት ክርክር አለን። ወጡ ጭራሽ አልተለወጠም ማለት ሐሰት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኗል የሚለው አዋጅ ሲነበብ፣ በሰው መሬት ያርስ ለነበረው ሰው ወጡ ተለውጧል። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ በአማራ ክልል ውስጥ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት ሲኖረው፣ አዊኛም የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት የመማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። አያቶቻችን ቋንቋቸውን ከደጃፍ ውጭ ይዘውት መውጣት ያፍሩ ነበር፤ ታናናሾቻችን ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አዩት። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ቢል ውለታ መካድ ነው።

ታዲያ ያልተለወጠው ምንድን ነው? ይህን ለማየት ፓርቲ ወዳልነበረበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

አንድ ሽማግሌ ዘመዳችንን አንድ ቀን እንዲህ ብለን ጠየቅናቸው።

«አያ፣ በጃንሆይ ጊዜ ፓርቲ አልነበረም?»

«ኧረ ምን ፓርቲ! ንጉሥ ነበር፣ እግዜር ነበር፣ እኛ ነበርን።»

«ግብር ሲበዛባችሁስ?»

«አቤት እንላለን።»

«አቤት ብላችሁ የሚሰማ ከጠፋስ?»

አያ መልስ አልሰጡንም። ከጣራው ሥር ያለውን ችንካር አዩ፤ ጠመንጃ ይሰቀልበት የነበረውን።

አያ በቃል ያልነገሩን ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ አዋጁን ሲሰማ የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ «መሬቴ ዛሬ ከተለካ ነገ ርስቴ ይወሰዳል» ብሎ ነው። ሽማግሌ ተመርጦ አቤቱታ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ሰሚ ሲጠፋ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ተነሡ፤ ለእኛ ለአገው ምድር ሰዎች ዳሞት የአጥር ጎረቤት ነው። ጦር ዘመተ፣ ሰው አለቀ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ገበሬው አሸነፈ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ድሉ የሚቀመጥበት ዕቃ አልነበረውም። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ነበር፤ ፓርቲ ግን የለም፤ አንድ እንደራሴ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተቀምጦ ብቻውን ይመለሳል። ስለዚህ የገበሬው መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፤ አቤቱታ ወይም ጠመንጃ። አቤቱታ የለማኝ ነው፣ ጠመንጃ የሟች ነው። በመካከላቸው ሰው ቆሞ የሚናገርበት መሬት አልነበረም።

ፓርቲ የሚባለው ነገር ጥቅሙ ይህ ይመስለናል፤ በአቤቱታና በጠመንጃ መካከል ያለው መሬት ነው። ሳይለምኑ የሚጠይቁበት፣ ሳይገድሉ የሚያወርዱበት፣ ተሸንፈው ሳይሞቱ የሚመለሱበት ቦታ። ይህን ካልሆነ ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ፓርቲ አይደለም፤ ሌላ ቢሮ ነው።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር እናንሳ። የጎጃም ገበሬ በተነሣበት በዚያው በ1960 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ወር ላይ፣ ጀርመን አገር ሐምቡርግ ውስጥ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ተሰብስበው መኢሶንን መሠረቱ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በርሊን ላይ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት ተመሠረተ። ተማሪው ፓርቲ ነበረው፣ ገበሬ አልነበረውም። ገበሬው ቁጣ ነበረው፣ ፓርቲ አልነበረውም። ሁለቱ ሳይገናኙ የ1966ቱ አብዮት ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ከየቤታችን እናውቀዋለን፤ በቀይ ሽብር ዘመን ልጇን ያላጣች፣ ወይም ልጇን ያጣች ጎረቤት የሌላት እናት በከተማው አልነበረችም። ኢሕአፓና መኢሶን በመካከለኛው መሬት ላይ መከራከር ሲገባቸው በጥይት ተነጋገሩ፤ ደርግ ደግሞ ሁለቱንም በየተራ በላ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ቀድሞውኑ ፈርሷል። መካከሉ ባዶ ሲሆን ኢሠፓ መጥቶ ተቀመጠበት። ፓርቲ ማለት መንግሥት፣ መንግሥት ማለት ፓርቲ ሆነ።

የ1983ቱ ለውጥ ይህን ያፈርሳል ተብሎ ነበር። በዚያ ዓመት የካቲት በተጀመረው በዘመቻ ቴዎድሮስ ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን ያዘ፤ ወላጆቻችን ፀጉራቸው የተንጨባረረ ጎረምሶች በቁምጣ ሲገቡ አዩ። ሕገ መንግሥቱም ከአንድ በላይ ፓርቲ ፈቀደ። ጥሩ ነው። ቀጥሎ ምርጫ መጣ፤ የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ሆነች። ለአዊ ሰው ንብ እንግዳ አይደለችም፤ ቀፎ የሌለው ጓሮ ጥቂት ነው። ስለዚህም ነው ቀልደኞቻችን «ንብ ማር አላት፣ መንደፊያ አላት፣ በአንድ ቀፎ ግን ሁለት ንግሥት አይኖርም» እያሉ ይስቁ የነበረው።

ቁጥሩን ስናየው ቀልዱ ቀልድ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 ወንበር ኢሕአዴግ 327 አገኘ፣ ቅንጅት 109። ያ ዓመት ሰው በእውነት የተከራከረበት ዓመት ነበር፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሚኒስትርና ተቃዋሚ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲከራከሩ ታዩ። ፍጻሜው ግን ጥይትና እስር ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ ውስጥ ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ የቀሩት ሁለት ወንበሮች ብቻ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ሁለቱም ጠፉ፤ 547 ሙሉ ሆነ። አንድ ወገን ወንበሩን ሁሉ ሲይዝ ቅር ያለው ሰው የት ይቀመጣል? መንገድ ላይ ነዋ! ዓመት ሳይሞላ ኦሮሚያ ውስጥ፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በጎንደርና በባሕር ዳር ሰው መንገድ ላይ ወጣ።

በፓርቲው ውስጥስ? እዚያም መውጫ በር የለም። ከኢሕዴን መሪዎች አንዱ የነበሩት ታምራት ላይኔ በሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፤ በኋላም 18 ዓመት ተፈረደባቸውና እስከ 2001 ዓ.ም. ታስረው ቆዩ። ስለ ክሱ እዚህ አንፈርድም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ መራጭ አላወረዳቸውም፤ ከፓርቲው ወጥተውም ሌላ ፓርቲ አላቋቋሙም። ከወንበር የሚኬደው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ወህኒ ሲሆን፣ ማን ነው ከወንበሩ በገዛ እጁ የሚነሣ?

እዚህ ላይ ራቅ ወዳለ አገር ሄደን እንመለስ፤ ወደ ቱኒዚያ። ትንሽ አገር ነች፣ ዓረብኛ ተናጋሪ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳር። ከእኛ ጋር ምን ያገናኛታል? የፓርቲ ስም ያገናኛታል። በ1934 እ.ኤ.አ. ሐቢብ ቡርጊባና ጓደኞቹ ኒዮ ደስቱር የሚባል ፓርቲ መሠረቱ፤ ደስቱር ማለት ሕገ መንግሥት ነው። ይኸው ፓርቲ ከፈረንሳይ ጋር ታግሎ በ1956 ነፃነት አመጣ። በ1964 ስሙን «ሶሻሊስት ደስቱር» አለ። በኅዳር 1987 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤን አሊ፣ ሐኪሞች «ፕሬዝዳንቱ አርጅተዋል» ብለው በፈረሙት ወረቀት ቡርጊባን አወረደ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ፓርቲው «ሕገ መንግሥታዊ ዲሞክራሲያዊ ስብስብ» ተባለ። ሦስት ስም፣ አንድ ጽ/ቤት። የኛን ስድስት ስም የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል።

እነሱም የራሳቸው ታምራት ላይኔ ነበራቸው። አህመድ ቤን ሳላህ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ሚኒስቴር መ/ቤቶችን ጠቅልሎ የያዘ፣ ገበሬውን በኅብረት ሥራ ማኅበር ያደራጀ ሰው ነበር። ገበሬው አጉረመረመ፤ በ1969 ሰውዬው ከሥልጣን ተነሣ፤ በ1970 አሥር ዓመት ተፈረደበት፤ በ1973 ከወህኒ አምልጦ ተሰደደ። ፖሊሲው የፓርቲው ነበር፤ ጥፋቱ ግን የአንድ ሰው ብቻ ተደረገ። ፓርቲው ንጹሕ ሆኖ ቀጠለ። አያችሁ? ፓርቲና መንግሥት አንድ ሲሆኑ ፓርቲው አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሁልጊዜ ትናንት የወረደው ሰው ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. ቤን አሊ 89 ከመቶ በላይ ድምፅ አግኝቻለሁ ብሎ ተመረጠ። ታኅሣሥ 17 ቀን 2010 ሲዲ ቡዚድ በምትባል ከተማ መሐመድ ቡአዚዚ የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ራሱን አቃጠለ። ሲዲ ቡዚድ ዋና ከተማ አይደለችም፤ ከባሕሩ ርቃ በመሐል አገር ያለች፣ በእርሻ የምትኖር ከተማ ነች፤ በእኛ አገር ብትሆን ዳንግላን ነበር የምትመስለው። ልጁ በጋሪ ፍራፍሬ ይሸጥ ነበር፤ ሚዛኑንና ሸቀጡን ወሰዱበት፤ ወደ ጽ/ቤት ሄዶ አቤት አለ፤ የሚሰማው አጣ። እንግዲህ አስቡት፤ አቤቱታው ተዘጋ፣ ጠመንጃ የለውም፣ በመካከል ምንም የለም። እሳቱን በገዛ ሰውነቱ ላይ ለኮሰ። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ፣ ጥር 14 ቀን 2011፣ ቤን አሊ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሸ። በመጋቢት ወር ፍርድ ቤት ፓርቲውን አፈረሰው። ስም ለውጦ ሳይሆን፣ በፍርድ ፈረሰ። የጽ/ቤቱ ሰሌዳ በእውነት ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው ለእኛ ትምህርት የሚሆነው። በጥቅምት 2011 በተደረገው ምርጫ ኤናህዳ የሚባለው የራሺድ ጋኑሺ እስላማዊ ፓርቲ ከ217 ወንበር 89 አገኘ። ብቻውን መግዛት አይችልም፤ ከሁለት ዓለማዊ ፓርቲዎች ጋር ተጣምሮ መንግሥት አቆመ። በ2013 ሁለት የተቃዋሚ ሰዎች፣ ሾክሪ በላኢድና መሐመድ ብራህሚ፣ ተገደሉ። አገሩ ሊፈነዳ ደረሰ። ያን ጊዜ አራት ማኅበራት ተነሡ፤ የሠራተኞች ማኅበር፣ የአሠሪዎች ማኅበር፣ የሰብአዊ መብት ሊግና የጠበቆች ማኅበር። ፓርቲዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው «ሳትስማሙ አትነሡም» አሏቸው። ኤናህዳ መንግሥቱን ለቀቀ፤ በጥር 2014 አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፈና ሽንፈቱን ተቀበለ። አራቱ ማኅበራት በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። የሠራተኞቹ ማኅበር በ1946 የተመሠረተ ነው፤ ከፓርቲው ዕድሜ ብዙ አያንስም። አንድ ቀን የሚያስፈልግ ምሰሶ ከብዙ ዓመት በፊት መተከል አለበት ማለት ነው።

ወጡ ጣፈጠ ብለን እንዳንጨርስ ግን ታሪኩ አላለቀም። ፓርቲዎቹ ቱኒስ ከተማ ውስጥ ስለ ወንበር ሲከራከሩ ሲዲ ቡዚድ ሥራ ፈላጊው እንደነበረ ቀረ። ፓርቲ ይከፈላል፣ ይጋጠማል፣ ይጣላል፤ ዋጋ ይወጣል። ሰው ሰለቸው። በ2019 ፓርቲ የሌለው የሕግ መምህር፣ ካይስ ሰኢድ፣ 72 ከመቶ በላይ አግኝቶ ፕሬዝዳንት ሆነ። ሐምሌ 25 ቀን 2021 ፓርላማውን አገደ፤ ብዙ ሰው አደባባይ ወጥቶ እልል አለ። በ2022 ፓርላማውን በትነው በአዲስ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ጠቀለሉት። በዚያ ዓመት መጨረሻ ለፓርላማ ምርጫ የወጣው መራጭ 11 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በ2023 ጋኑሺ ታሰረ። በጥቅምት 2024 ሰኢድ በ90 ከመቶ ድምፅ ተመረጠ፤ ለምርጫ የወጣው ግን ከሦስት ሰው አንዱ እንኳ አልሞላም። በ2009 ሰማንያ ዘጠኝ፣ በ2024 ዘጠና። አንዱን ያመጣው ፍርሃት ነው፣ ሌላውን ያመጣው ስልቹነት ነው፤ ቁጥሩ ግን ወንድማማች ነው። «ሁሉም ፓርቲ ያው ነው» የሚል ሕዝብ መካከለኛውን መሬት በገዛ እጁ ያስረክባል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የመጣው ለውጥ እስረኛ ፈታ፣ ስደተኛ መለሰ፣ አፍ ከፈተ። ፓርቲ እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ የአገው ብሔራዊ ሸንጎን የመሰለ የኛን ስም የያዘም ተመዘገበ። ጥሩ ጊዜ ነበር። ግን ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የክልላችን ርዕሰ መስተዳድር ዶ/ር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው በሥራ ቦታቸው ተገደሉ። ቱኒዚያ እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስባት አራት ማኅበራት ነበሯት። እኛ ማን ነበረን? አልቅሰን ቀበርን፤ ጠረጴዛውን የዘረጋ ግን አልነበረም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410 አገኘ፤ ምልክቱ አምፖል ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልላችን በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ት/ቤት ሲቆም የነበረውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከ1960 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. ሃምሳ አምስት ዓመት ነው። ዞረን ዞረን የደረስነው አያ ካዩት ችንካር ሥር ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? እኛ መድኃኒት አዋቂ አይደለንም። ግን በገዛ መንደራችን አንድ የምናየው ነገር አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ ይባላል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ ሲወጣ ያላየ ተማሪ በዞናችን የለም። ይህ ማኅበር ጃንሆይን አየ፣ ደርግን አየ፣ ኢሕአዴግን አየ፣ ብልጽግናን አየ፤ ስሙን አልለወጠም። ለምን? የአባላቱ ስለሆነ ነው። ለሠርግ ይመጣል፣ ለለቅሶ ይመጣል፣ የተጣላ ያስታርቃል፤ አለቃውን አባላቱ ይመርጡታል። እድራችንም እንዲሁ ነው፤ ሰብሳቢው መዝገቡን ገልጦ «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ» ሳይል ስብሰባ አያልቅም፤ ካልጣማቸው ያወርዱታል፤ የወረደውም ሰው ታች ወርዶ ከሌላው ጋር ድንኳን ይተክላል። ሰብሳቢነቱን ያጣ ሰው እድርተኛነቱን አያጣም!

እርግጥ ነው፣ እድር አገር አይገዛም። ፈረሰኛ ማኅበርም በጀት አያጸድቅም። እነሱን ፓርቲ እናድርግ ብንል እነሱንም ማጥፋት ነው፤ ሥልጣን ያልነካቸው ስለሆኑ ነው እስካሁን ጤነኛ ሆነው የቆዩት። ነገር ግን ከእነሱ ሦስት ጥያቄ መዋስ ይቻላል። ማንም ፓርቲ ዳንግላ ወይም እንጅባራ መጥቶ ሲሰበስበን፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ የጎሣም ይሁን የአገር፣ ሦስቱን እንጠይቀው። አንደኛ፤ ከእናንተ የወጣ ሰው፣ ወይም ጭራሽ ያልገባ ሰው፣ ማዳበሪያውና ሥራው ይቀርበታል ወይ? ሁለተኛ፤ የተሸነፋችሁ ዕለት የጽ/ቤቱን ቁልፍ ለማን ታስረክባላችሁ? ሦስተኛ፤ ገንዘባችሁን በማን ፊት ትቆጥራላችሁ? መልሱን ስንሰማ ሰውዬው ፓርቲ ይሁን ሌላ ቢሮ፣ ለይተን እናውቃለን። በብረት የሚመጣም ሰው ቢሆን ከሦስቱ ጥያቄ አያመልጥም፤ እንዲያውም ሁለተኛውን ጠበቅ አድርገን እንጠይቀዋለን፤ በጠመንጃ የመጣ ቁልፍ ማስረከብ እንዴት እንደሚከብደው በ1983 ዓ.ም. የገቡት አሳይተውናልና።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከመካከላችን አንዳንዱ ነገ ፎርም ይሞላል፣ አንዳንዱ አይሞላም። በመሙላቱም ባለመሙላቱም አንጣላ። የሞላው ገብቶ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች በስብሰባ መካከል እጁን አውጥቶ ይጠይቅ፤ ቢያስወጡት እንኳ ጠይቆ ይውጣ። ያልሞላው ደግሞ «በሩቁ» ብሎ አይቀመጥ፤ የመምህራን ማኅበር አለ፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ አለ፣ የጠበቆች ማኅበር አለ፣ ነገ የምንቋቋመው የተመራቂዎች ማኅበር አለ፤ እዚያ ገብቶ መዝገብ መግለጥና አለቃ ማውረድ ይለማመድ። መሬቱ የሚገኘው ከሁለቱም ወገን እየተቆፈረ ነው። ዛሬ ማታ ዶርም ውስጥ ክርክሩ ሲነሳ ማንም «ተወው፣ ሁሉም ያው ነው» ብሎ መብራቱን እንዳያጠፋብን። ያው አይደለም። ከድንች ማሳ እስከ ችንካሩ ድረስ ስንት ሰው የወደቀው፣ በመካከል የሚቆምበት መሬት አጥቶ ነው።